ከእጀታው ሥር

ወይዘሮ ይርገዱ ማታ ደጄ መጣች፣
በነጠላ ጠቅልላ የያዘችውን አወጣች።
በቀን መምጣት ይከብዳል ወደ ቀጥቃጭ ደጃፍ፣
ደንበጫ ጠባብ ናት፤ ወሬ አለ በየአፍ።

ባሏ ከሩቅ የመጣ፣ ውሃ ቆፋሪ ነበር፣
ሞሪታ ነበር ስሙ፤ "ጉድጓዴ" ይለዋል አገር።
ጉድጓድ ሲቆፍር ኖሮ ሃያ ሁለት ክረምት፣
አምና በጥቅምት ማርያም አፈር ገባ ድንገት።

እህቱ ከጃፓን፣ ሰማንያ ያለፋት፣
"የአባታችን ሰይፍ ይምጣልኝ" ስትል ጻፈችላት።
ማርቆስ ፖስታ ቤቱ "ስለት አንልክም" አለ፣
ጉምሩክ "ቅርስ እንዳይሆን፤ ወረቀቱ የታለ?"

ከኋላዋ ቆሟል አንድ ልጅ፣ መነጽር ያደረገ፣
ለባሕር ዳር ፊርማ ጽሑፉን የፈለገ።
"የእኛ አለመሆኑን ነው እኔ የምፈርመው፣
የማን እንደሆነማ የሚያውቅ ይመርምረው።
እጀታው ይፈታልን።"

ማን ይፍታው? እኔ ነኛ።
ብረት ሲያስቸግር ያኔ ያስታውሱኛል፣
ሰርግ ሲደግሱ ግን "ዓይኑ" ብለው ይሸሹኛል።

መዘዝኩት።
ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች።
የኩራዝ ብርሃኗ ስለቱ ላይ ተኛች።
እንደ ማለዳ ጉም ይንሳፈፋል ጠርዙ፤
ስንት ጊዜ ታጥፎ፣ በስንት ላብ ነው ወዙ?

እጀታው የተያዘው በአንዲት ቀርከሃ ችንካር፣
ተሰንጥቃለች፣ ስንት ዘመን ታግላ ከብረት ጋር።
መታ መታ አደረግኳት፤ ወጣች።
ከሥሩ ጥቁር ዝገት፣ እንደ ክትክታ ከሰል፣
በዝገቱ መሀል የተጫረ ፊደል።

ልጁ በስልኩ አነሳው፣ ላከው ወደ አንድ ቦታ፣
መልስ እስኪመጣ ድረስ ተቀመጥን በዝምታ።
"እገሌ፣ የእገሌ ልጅ፣ እሳት ዳር ተቀምጦ፣
በስምንተኛው ወር ሠራው ቀጥቅጦ።"
ስሙን ሁለቴ ነገረኝ፤ ከአፌ ወጥቶ ሸሸ።
"ቀጥቃጩ ነው?" አልኩት፣ ልቤ እየተረበሸ።
"አዎ።"
"የባለ ሰይፉ ስም አይደለም?"
"አይደለም። የሠሪው።"

አባቴ ጀምበሬ አርባ ዓመት ወናፍ ነፋ፣
ከደንበጫ እስከ ጅጋ ማረሻው ተስፋፋ።
ጤፉ በእሱ ብረት፣ በቆሎው በእሱ ብረት፣
ሲሞት ተሸካሚ ጠፍቶ አደርን በጭንቀት።
ስሙን የጻፈበት አንድም ብረት የለም፤
እኔን ግን "ስማቸው" አለኝ።
የነማን ስም? ሳይነግረኝ ሄደ ከዚህ ዓለም።

ዋንዛ ጠርቤ ሳጥን አበጀሁለት በልኩ፤
ስለቱን ቅርንፉድ ዘይት ቀባሁት ሳልነካው በእጄ፣
ዝገቱን አደራ እንዳልፍቀው ብላለች እህቲቱ፣
ዕድሜው ያ ነው አሉ፣ ያ ነው መታወቂያ ወረቀቱ።
አዲሷን ችንካር ጠረብኩ ከእንጅባራ ቀርከሃ፣
በጭጋግ ካደገው፣ ከማያውቀው በረሃ።
የጣት አንጓ ታክላለች፤ ልጽፍባት አሰብኩ፣
የሰው ሥራ ነው ብዬ ቢላዬን መለስኩ።

በማግስቱ በአባዱላ ሄደች ማርቆስ ድረስ፤
ረዳቱ "ምንድን ነው?" ሲላት፣ ሳጥኑን ሲዳስስ፣
"መቋሚያ ነው" አለችው።
ዋሸች? እንጃ። ሰውዬው ከሞተ ወዲህ
እሱን ተደግፋ ነው የቆመችው።

ማኅተም መቱበት፣ በላስቲክ አሸጉት፣
"የእኛ አይደለም" የሚል ወረቀት ለጠፉበት።
ያን ወረቀት አውቀዋለሁ፤
ግንባሬ ላይ ነው የኖረው።

ለቅዳሜ ገበያ አንድ ማረሻ ሳበጅ፣
እርፉ በሚገባበት፣ ዓይን በማያየው ደጅ፣
በመሮ ጫርኩበት፦
"ስማቸው፣ የጀምበሬ ልጅ፣ በሚያዝያ ወር ሠራው።"

ገዢው ብሩን መሬት አኖረው፣
ከእጄ እንዳይነካካ።
እርፉን ወትፎበት ሄደ።
ይረስ።
ምን እንደሚያርስበት አያውቅም፤
ስሜ ከእርፉ ሥር እርፍ ብሏል።